አሮጌውን ኮምፒዩተር ከመጣላችሁ በፊት

ሥራ በዝቶብኝ ብዙ ጊዜ ሳልጽፍ ቆየሁ፣ ይቅርታ። ዛሬ የምጽፈው ስለ ኮምፒዩተር ነው። «ይሄ ደግሞ ከእኛ ኑሮ ጋር ምን አገናኘው?» የምትሉ ካላችሁ ትንሽ ታገሱኝ። ነገሩ ከኪሳችንም፣ ከልጆቻችን ትምህርትም፣ ከአማርኛችንም ጋር የተያያዘ ነው።

ነገሩ የጀመረው እናቴ ቤት ነው። እዚያ አንድ ላፕቶፕ አለ። ከጦሩ ወጥቼ ሥራ እንደያዝኩ በመጀመሪያው ዓመት የገዛሁት ነው፤ አሁን አሥር ዓመት አልፎታል። ታናሽ እህቴ ለባግሩት ያጠናችው በእሱ ነው። እናቴ ጎንደርና አዲስ አበባ ካሉ ዘመዶች ጋር የምትገናኘው፣ የአማርኛ ዝማሬና ወሬ የምታዳምጠው በእሱ ነው። አንድ ቀን ደወለችልኝና «ልጄ፣ ኮምፒዩተሩ ታሟል መሰለኝ። በከፈትኩት ቁጥር አንድ ነገር እየጻፈ ያስፈራራኛል» አለችኝ። ሄጄ ሳየው ማሽኑ ለዊንዶውስ 11 ብቁ አይደለም የሚል ማስጠንቀቂያ ነው። አንድ ጥገና ቤት ወሰድኩት። ሰውየው ክዳኑን እንኳን ሳይከፍት «ይሄ አብቅቶለታል፣ አዲስ ግዙ» ብሎ ከሁለት ሺህ ሼቄል በላይ የሆነ ዋጋ ነገረኝ።

እዚህ ላይ እውነቱን ለይቶ ማወቅ ያስፈልጋል። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 ይሰጠው የነበረውን መደበኛ የደኅንነት ዝማኔ እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 14 ቀን 2025 አቆመ። ለተመዘገበ ሰው እስከ ኦክቶበር 2026 የሚዘልቅ ተጨማሪ ጊዜ ሰጠ። ዊንዶውስ 11 ደግሞ ቲፒኤም 2.0 የሚባል የደኅንነት ክፍልና አዲስ ፕሮሰሰር ይጠይቃል፤ ኢንቴል ከሆነ በጥቅሉ ስምንተኛው ትውልድና ከዚያ ወዲህ ያለው ነው። ስለዚህ የእናቴ ኮምፒዩተር አልታመመም። ስክሪኑ ደኅና፣ ኪቦርዱ ደኅና፣ ድምፁ ደኅና ነው። ያበቃው ሌላ ሰው፣ በሌላ አገር፣ ለእሱ የሚሰጠው እንክብካቤ ነው። ይህን ያልተረዳ ሰው ግን ደኅናውን ማሽን አውጥቶ ቆሻሻ መጣያው አጠገብ ያስቀምጠዋል። በሰፈራችን ባለፈው ክረምት ብቻ እንዲህ የተቀመጡ ሦስት አይቻለሁ።

የኔ ሐሳብ ባጭሩ፦ አዲስ ከመግዛታችሁ በፊት ሊኑክስ ጫኑበት። የማልደብቀው ግን አንድ ሁኔታ አለ፣ ወደ እሱ እመጣለሁ።

ሊኑክስ ምንድን ነው ለምትሉ፦ እንደ ዊንዶውስ ሁሉ ኮምፒዩተሩን የሚያንቀሳቅስ ሲስተም ነው። እ.ኤ.አ. በ1983 ሪቻርድ ስቶልማን የሚባል አሜሪካዊ ማንም ሰው ሊጠቀምበት፣ ውስጡን አይቶ ሊያጠናው፣ ሊያሻሽለውና ለሌላው ሊያካፍለው የሚችል ሲስተም እሠራለሁ ብሎ ተነሳ፤ ጂኤንዩ ይባላል። በ1991 ደግሞ ሊነስ ቶርቫልድስ የሚባል የሄልሲንኪ ተማሪ የጎደለውን ልብ፣ ከርነል የሚባለውን፣ ሠርቶ ለሰው ሁሉ ለቀቀው። ከዚያ ወዲህ ብዙ ሺህ ሰው እየጨመረበት እዚህ ደርሷል።

በአማርኛ «ነፃ» ስንል ነገሩ ይደባለቅብናል። «በነፃ አገኘሁት» ስንል ሳንከፍል ማለታችን ነው፤ «ነፃ ነኝ» ስንል ደግሞ ጌታ የለብኝም ማለታችን ነው። ዕብራይስጥ በዚህ በኩል ይሻላል፤ ለአንዱ ሂናም፣ ለሌላው ሆፍሺ ይላል። ሊኑክስ ሂናም ነው፣ እውነት ነው። ትልቁ ነገር ግን ሆፍሺ መሆኑ ነው። ሂናም የሆነ ነገርማ ስልካችን ሙሉ ነው፤ ሳንከፍል እየተጠቀምን እኛው ራሳችን የምንሸጥባቸው።

የምሠራው ቂርያት ቫይዝማን ነው። በረሖቮትና በነስ ጺዮና መካከል ያለው፣ የሳይንስና የቴክኖሎጂ ኩባንያዎች የተሰበሰቡበት አካባቢ ነው። ሳይንቲስት እንዳልመስላችሁ፤ የኤሌክትሪክ ጥገና ሠራተኛ ነኝ። ከጦሩ ስወጣ በተሰጠኝ ፒካዶን የሙያ ትምህርት ቤት ገብቼ የተማርኩት ይህንኑ ነው። ከእኛ ብዙ በማይርቀው በቫይዝማን ኢንስቲትዩት ግቢ ውስጥ አንድ ትልቅ አሮጌ ማሽን ለእይታ ተቀምጧል። ዌይዛክ ይባላል፤ እ.ኤ.አ. በ1954 እና 1955 የተሠራ፣ የእስራኤል የመጀመሪያው ኮምፒዩተር ነው። ሥራውን የመራው ጄራልድ ኢስትሪን የሚባል አሜሪካዊ መሐንዲስ ሲሆን ባለቤቱ ቴልማ ኢስትሪንም መሐንዲስ ስለነበረች አብራው ሠርታለች። እኔን የገረመኝ ንድፉ ከየት እንደመጣ ነው። ጆን ቮን ኖይማንና ባልደረቦቹ አሜሪካ ፕሪንስተን ውስጥ አንድ ማሽን ሲሠሩ ንድፋቸውን ደብቀው አልያዙትም፤ ጽፈው ለሌሎች አሰራጩት። በዚያ ንድፍ ነው በአሜሪካም በሌላ አገርም የዚያ ማሽን ወንድሞች የተሠሩት፤ ከወንድሞቹ አንዱ ይኸው ጎረቤታችን ነው። ምግብ በችግር በሚታደልበት በዚያ ዘመን ይህች አገር ኮምፒዩተር የሠራችው ሌላው ሰው ንድፉን ስላላስቀረባት ነው። እስከ 1963 ድረስ ሠርቷል። ከሊኑክስ ጋር የሚያመሳስለው ይህ ነው፤ ከዚህ በላይ አላራዝመውም።

አሁን ወደ እናቴ ላፕቶፕ ልመለስ። የመረጥኩት ሊኑክስ ሚንት የሚባለውን ነው። ሊኑክስ ብዙ ዓይነት አለው፤ ኡቡንቱ፣ ዴቢያን፣ ፌዶራ እያለ ይቀጥላል። ሚንት በኡቡንቱ ላይ የተመሠረተ ሆኖ ገጽታው ዊንዶውስን የለመደ ሰው ብዙም አያደናግረውም። ከታች ሜኑ አለ፣ ሰዓቱ ከታች በቀኝ በኩል ነው፣ ፋይሎች ማኅደር ውስጥ ናቸው። ሚንት 22 እስከ 2029 ድረስ ዝማኔ ያገኛል። ቢያንስ 2 ጊጋባይት ራም ይፈልጋል፤ በደንብ እንዲሠራ ግን 4 ይሻላል። በጣም ላረጀ ማሽን ኤክስኤፍሲኢ የሚባለውን ቀለል ያለ ገጽታ ውሰዱ።

መጀመሪያ የእናቴን ፎቶዎችና ሰነዶች በሙሉ ወደ ሌላ ዲስክ ገለበጥኩ። ይህን ሳታደርጉ ምንም እንዳትነኩ! ከዚያ የሚንትን ፋይል ከራሱ ድረ ገጽ አውርጄ ባለ 8 ጊጋባይት ፍላሽ ላይ ጻፍኩት። (እዚህ አገር ዲስክ ኦን ኪ ነው የምንለው።) ፋይሉን ዝም ብሎ መገልበጥ አይበቃም፤ ባሌና ኤቸር ወይም ሩፉስ በሚባል ትንሽ ፕሮግራም ነው የሚጻፈው። ከዚያ ኮምፒዩተሩን አጥፍቶ፣ ፍላሹን ሰክቶ፣ ሲነሳ ኤፍ 12 ወይም ኤፍ 9 መጫን ነው፤ ቁልፉ እንደ ኩባንያው ይለያያል። ደስ የሚለው ነገር ሚንት ምንም ሳይጫን ከፍላሹ ብቻ ይነሳል። ስለዚህ ዊንዶውስን ሳትነኩ ድምፁ ይሠራ እንደሆን፣ ካሜራው ይሠራ እንደሆን፣ ዋይፋዩ ይይዝ እንደሆን አስቀድማችሁ ታያላችሁ።

የእናቴ ዋይፋይ አልያዘም። አንድ ሰዓት ሙሉ ተናድጄ ቁጭ አልኩ። በኋላ መፍትሔው ቀላል ሆኖ አገኘሁት። ስልኬን በገመድ ሰክቼ ኢንተርኔቱን ከስልኩ ሰጠሁት፤ ከዚያ ድራይቨር ማናጀር የሚባለውን ስከፍት ለዋይፋዩ የጎደለውን ነገር ራሱ አግኝቶ ጫነው። ሌላ ያደረግኩት ነገር ቢኖር አሮጌውን ዲስክ አውጥቼ ኤስኤስዲ መግጠም ነው፤ ከሁለት መቶ ሼቄል ያነሰ ገንዘብ ነበር። እውነቱን ለመናገር ለፍጥነቱ ከሊኑክሱ ይልቅ እሱ ሳይረዳ አልቀረም። ፕሪንተሩን ምንም ሳላደርግ ራሱ አወቀው፣ ይህን አልጠበቅኩም ነበር።

ቀጥሎ ፊደል። እኛ ቤት ሦስት ፊደል ያስፈልገናል፤ ዕብራይስጥ፣ አማርኛና እንግሊዝኛ። ዕብራይስጡ አስቸጋሪ አይደለም፤ በዚህ አገር ከሃያ ዓመት በፊት ጀምሮ የደከሙበት ሰዎች አሉ። ኩልሙስ የሚባሉት ነፃ የዕብራይስጥ ፊደሎች፣ ናዳቭ ሃርኤልና ዳን ቄኒግስበርግ የሠሩት ኤችስፔል የሚባለው የዕብራይስጥ አራሚ፣ ይህ ሁሉ የበጎ ፈቃድ ሥራ ነው። ሊብሬ ኦፊስ ውስጥ ከቀኝ ወደ ግራ ለመጻፍ ግን የቋንቋ ማስተካከያው ውስጥ ገብታችሁ «ኮምፕሌክስ ቴክስት ሌይአውት» የሚለውን አብሩት፤ አለዚያ አቅጣጫ የሚቀይሩት ምልክቶች አይታዩም።

አማርኛውን በሚመለከት አንድ ታሪክ አለኝ። እ.ኤ.አ. በ2003 አጎቴ አዲስ አበባ ላይ አንድ የኮምፒዩተር ጽሕፈት ቤት ገብቶ ደብዳቤ አስጽፎ በኢሜል ለአባቴ ላከ። ደብዳቤው ውስጥ የአያቴ መቃብር የት እንደሆነ ተጽፏል፤ በየትኛው ወንዝ ማዶ፣ ከየትኛው ዛፍ በስተምሥራቅ፣ ከማን ማሳ ጥግ። አባቴ ያን ጊዜ አንብቦ፣ አልቅሶ፣ «አስቀምጠው፣ አንድ ቀን እንሄዳለን» አለኝ። ፋይሉን አስቀመጥኩት። አባቴ ሳይሄድ አረፈ፤ አጎቴም ከእሱ በኋላ ብዙ አልቆየም። ከጥቂት ዓመታት በፊት እናቴ «ያ ደብዳቤ የት አለ?» ስትለኝ ከፈትኩት። የላቲን ፊደልና የጥያቄ ምልክት የተቀላቀለበት ዝባዝንኬ ሆኖ ወጣ! አንድ ቃል አይነበብም።

ምክንያቱ ይህ ነው። በዚያ ዘመን አማርኛ የሚጻፈው እንደ ቪዥዋል ግዕዝ፣ ፓወር ግዕዝ ባሉ ፊደሎች ነበር። እነዚህ በላቲን ፊደል ቦታ ላይ የግዕዙን ቅርጽ ያስቀምጡ ነበር፤ ኮምፒዩተሩ ውስጥ የተቀመጠው ግን ላቲኑ ነው። እያንዳንዱ ሠሪ ደግሞ በየራሱ አደራደር ነው የሠራው። ስለዚህ ደብዳቤው የተጻፈበት ፊደል ከሌላችሁ ደብዳቤው የለም ማለት ነው። የኛን ቋንቋ እኛው ገንዘብ ከፍለን፣ በቁልፍ ዘግተን፣ ቁልፉን ጥለነው ነበር ብል ማጋነን አይሆንም። ሠሪዎቹን መውቀሴ አይደለም፤ ያኔ ሌላ መንገድ ስላልነበረ ነው፣ ባይሠሩትማ ጭራሽ አይጻፍም ነበር። ግዕዝ ዩኒኮድ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው፤ ለየፊደሉ በዓለም ሁሉ አንድ የሆነ ቁጥር ተሰጠው። ዊንዶውስ ራሱ ኒያላ የሚባለውን ፊደል ይዞ የመጣው በ2007 ከቪስታ ጋር ነው። በመካከል ያሉት ዓመታት ደብዳቤዎች ስንት ቤት ውስጥ እንደ እኛው እንደተዘጉ እግዚአብሔር ይወቀው።

ፊደሉን ያገኘሁት አዲስ አበባ ካለ የአጎቴ ልጅ ነው፤ አሮጌ ሲዲ ላይ ነበረው። ሚንት ላይ ጫንኩት፣ ደብዳቤውን በሊብሬ ኦፊስ ከፈትኩት፣ የአጎቴ ቃል ስክሪኑ ላይ ተመለሰ። እናቴ አጠገቤ ቆማ ነበር። ከዚያ ሁለት ምሽት ቁጭ ብዬ ሙሉውን በዩኒኮድ መልሼ ጻፍኩት። አሁን ማንም በየትኛውም ስልክ ላይ ያነበዋል።

በሊኑክስ አማርኛ መጻፍ እንዴት ነው? ሁለት መንገድ አለ። አንዱ የኪቦርድ ማስተካከያው ውስጥ ገብቶ አማርኛን መጨመር ነው። ሌላው፣ እኔ የምወደው፣ አይባስ የሚባለውን ከኤም17ኤን ጋር ጭኖ «አማርኛ ሴራ» የሚለውን መምረጥ ነው። በዚህ በድምፁ ነው የምትጽፉት፤ ኤስ፣ ኢ፣ ኤል፣ ኤ፣ ኤም ብትመቱ «ሰላም» ይወጣል። ስሙ አያስደንግጣችሁ፣ ምንም የተንኮል ሴራ የለበትም። ይትና ፍርድይወቅና ዳንኤል ያዕቆብ በ1990ዎቹ ግዕዝን በላቲን ፊደል ለመጻፍ ያዘጋጁት ሥርዓት ምህጻር ነው። እነ ዳንኤል ግዕዝ በዩኒኮድም በሊኑክስም ቦታ እንዲያገኝ ለዓመታት የደከሙ ሰዎች ናቸው። ዴቢያን የሚባለው የሊኑክስ ዓይነትም በ2009 ባወጣው 5ኛ እትሙ መጫኛው ላይ አማርኛን ጨምሯል። አቢሲኒካ ኤስአይኤል የሚባለው ነፃ ፊደልም የብራና ጽሕፈታችንን መልክ የያዘ ስለሆነ ዓይን አይጎዳም። ሁሉም ነገር አማርኛ ይሆናል ብላችሁ ግን አትጠብቁ፤ የሚንት ሜኑ የተተረጎመው በከፊል ብቻ ነው። ለጎደለው ደግሞ መተርጎም የሚፈልግ ሰው ፈቃድ መጠየቅ አያስፈልገውም።

አሁን ወደ ተቃውሞው። ይህን ለእህቴ ሳወራት እንዲህ አለችኝ፦ «ሁልጊዜ ለእኛ አሮጌ! ልብሱ የሰው ትርፍ፣ የቤት ዕቃው የሰው ትርፍ፣ አሁን ደግሞ ኮምፒዩተሩ የሰው ትርፍ። የሌላው ልጅ አዲስ ይዞ ሲመጣ የኛ ልጅ ለምን አሮጌ ተሸክሞ ይሂድ?»

መልስ አጣሁ። በመርካዝ ክሊታ ያደገ ሰው ይህን ነገር በሆዱ ያውቀዋል። እኔ በዘጠኝ ዓመቴ የመጣሁ ጊዜ የለበስኩት ካፖርት ኪስ ውስጥ የሌላ ልጅ ስም ተሰፍቶ ነበር። ስለዚህ «ሐፍረት የለውም» ብዬ በቀላሉ አላልፈውም። ሆኖም ሁለት ነገር ልበል። አንደኛ፣ ይህ የሰው ትርፍ አይደለም፤ በላቤ የገዛሁት የራሳችን ማሽን ነው፣ ጣሉት ያሉን ሌሎች ናቸው። ሁለተኛ፣ ሊኑክስ የድሃ መሣሪያ አይደለም። በዓለም ላይ ኃያል የሚባሉት 500 ሱፐር ኮምፒዩተሮች ከኖቬምበር 2017 ጀምሮ ሁሉም የሚሠሩት በሊኑክስ ነው። አንድሮይድ ስልካችሁ ውስጥ ያለው ከርነል ሊኑክስ ነው። እኔ አምፖል ልቀይር በምገባባቸው ክፍሎች የተቀመጡት መሐንዲሶች ስክሪን ላይ የማየውም ብዙ ጊዜ እሱኑ ነው። ልጃችን ትምህርት ቤት ተምሮ እዚያ ወንበር ላይ እንዲቀመጥ የምንፈልግ ከሆነ ቤቱ ውስጥ ቢያገኘው ምን ይጎዳዋል?

በጦሩ የመጀመሪያ ሳምንታት መሣሪያህን ፈትተህ መግጠም ያስተምሩሃል። ዓይንህን ጨፍነህ እስክትችል ያስደጋግሙሃል። የሙያ ትምህርት ቤት አስተማሪዬም ክዳኑን ያልከፈተ ተማሪ አያስቀምጥም ነበር። ኮምፒዩተር ላይ ስንደርስ ግን ሁላችንም እጃችንን ኪሳችን ከተን «ባለሙያ ይምጣ» እንላለን።

የማይሆነውንም ልንገራችሁ። ትምህርት ቤቱ ወይም መሥሪያ ቤቱ በዊንዶውስ ብቻ የሚሠራ ፕሮግራም ከጠየቀ ሊኑክስ አያዋጣችሁም፤ አስቀድማችሁ ጠይቁ። ፎቶሾፕ የለም። ልጆች ከሰው ጋር በኢንተርኔት የሚጫወቷቸው አንዳንድ ጌሞች አይሠሩም፣ የወንድሜ ልጅ በዚህ ምክንያት እስካሁን አኩርፎኛል። በወርድ የተጻፈ ሰነድ ሊብሬ ኦፊስ ይከፍተዋል፣ ሠንጠረዥ የበዛበት ከሆነ ግን መልኩ ሊዛባ ይችላል። ባንክና የመንግሥት ድረ ገጽ? በ2000ዎቹ ብዙዎቹ የዚህ አገር ገጾች ለኢንተርኔት ኤክስፕሎረር ብቻ ተሠርተው ስለነበር ሊኑክስ ይዞ የመጣ ሰው በሩ ላይ ይመለስ ነበር። ዛሬ እናቴ በፋየርፎክስ ቢቱዋህ ለኡሚንም ኩፓት ሆሊምንም ያለችግር ትከፍታለች።

መጀመሪያ ላይ እመጣለሁ ያልኩት ሁኔታ ይኸው። በሰፈራችን አንድ አረጋዊ አሉ፤ አባባ ነው የምንላቸው። የእናቴን ላፕቶፕ ካዩ በኋላ «የኔንም አድርግልኝ» አሉኝ። በ2024 አንድ ሐሙስ ማታ ሥራ ውዬ ሄድኩና በሁለት ሰዓት ውስጥ ጫንኩላቸው። በጣም ደስ አለኝ፣ ያጠፋሁት በዚያ ደስታ ነው። የቁልፍ ቃላቸውን አስጻፍኳቸው፣ ቡና ጠጣሁ፣ ተመርቄ ወጣሁ። በሁለተኛው ሳምንት ሚሉኢም ተጠራሁ።

ስመለስ ልጠይቃቸው ገባሁ። ላፕቶፑ ተዘግቶ፣ በላዩ ጥልፍ ጨርቅ ለብሶ፣ በጨርቁ ላይ የስኒ ረከቦት ተቀምጧል። «አባባ፣ ምነው? አልተስማማዎትም?» አልኳቸው። «አይ ልጄ፣ ጥሩ ነው፣ ጥሩ ነው» ብለው ወሬ ቀየሩ። ባለቤታቸው ናቸው ከጓዳ ሆነው «ከሄድክ ጀምሮ አልገባም ብሏቸዋል» ያሉኝ። ከፈትኩት። ችግሩ ሞኝ ነገር ነው፤ መግቢያው ላይ ኪቦርዱ ወደ ዕብራይስጥ ዞሮ ቀርቷል፣ የቁልፍ ቃሉ ደግሞ በእንግሊዝኛ ነው። ሁለት ቁልፍ አንድ ላይ ቢጫኑ ይፈታ ነበር። እሳቸው ግን ከአንድ ወር በላይ አሜሪካ ካለችው ልጃቸው ጋር በስክሪን ሳይተያዩ ቆይተዋል። «ለምን አልደወሉልኝም?» ስላቸው፣ «አንተ እዚያ እያለህ ስለዚህ ልደውልልህ?» አሉኝ። ምን እላለሁ?

ዊንዶውሱን ባልነካባቸው ኖሮ ማስጠንቀቂያውን እያዩም ቢሆን ልጃቸውን ያዩ ነበር። ይህን ራሴን ስወቅስበት ቆይቻለሁ። ስለዚህ አሁን ማንም ሰው ቤት ስጭን እነዚህን አደርጋለሁ። የመግቢያው ኪቦርድ መጀመሪያ እንግሊዝኛ እንዲሆን አስተካክላለሁ፤ የትኛው ቋንቋ ላይ እንዳለ የሚያሳየውን ምልክት መኖሩን አረጋግጣለሁ። በአማርኛ በትልቁ የተጻፈ አንድ ገጽ ወረቀት ግድግዳው ላይ እለጥፋለሁ። ከሁሉም በላይ ግን በዚያው ሕንጻ ውስጥ ካሉት ልጆች አንዱን ይዤ አብሮኝ እንዲጭን አደርጋለሁ፤ እኔ አያለሁ፣ እጁ የእሱ ነው። የአባባን አሁን የሚያየው የአሥራ አራት ዓመት የልጅ ልጃቸው ነው፤ ከኔ ይልቅ እሱን መጥራት አያፍሩም። የሚጠራ ሰው በአጠገቡ የሌለው ሽማግሌ ቤት ሊኑክስ አትጫኑ። ሁኔታው ይህ ነው።

ከኢትዮጵያ ሆናችሁ «ላፕቶፕ ላኩልን» ለምትሉን ዘመዶችም አንድ ቃል። እ.ኤ.አ. ከ2008 ጀምሮ «ለእያንዳንዱ ልጅ አንድ ላፕቶፕ» በሚለው ፕሮግራም 5,000 ያህል ትንንሽ ኮምፒዩተሮች ኢትዮጵያ ገብተው ነበር። በሊኑክስ ነበር የሚሠሩት፣ ለአማርኛ የሚሆን የኪቦርድ ንድፍም ተዘጋጅቶላቸው ነበር። ስለዚህ ነገሩ ለአገሩ አዲስ አይደለም። እኔ ባለፈው ዓመት ለአክስቴ ልጆች ጎንደር አንድ አሮጌ ላፕቶፕ ስልክ ሚንት ጭኜ፣ ኪዊክስ በሚባለው ፕሮግራም ዊኪፔዲያን ከነሥዕሉ ውስጡ አስቀምጬ ነው። በ2023 በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ለወራት ሲቆይ በስልክ ብቻ የሚያጠና ተማሪ ምን እንደደረሰበት ታውቃላችሁ። ውስጡ ያለ ነገር አይቋረጥም። ደግሞ ከሰው ሰው በሚዞር ፍላሽ የሚመጣው የዊንዶውስ ቫይረስም እዚያ ላይ አይነሳም።

ለማትናሱ ኃላፊዎች ያቀረብኩት ጥያቄ ቀላል ነው። በሳምንት አንድ ምሽት፣ አንድ ክፍል፣ አራት ጠረጴዛ። ገንዘብ አልጠየቅኩም። ከሙያ ትምህርት ቤት የወጣን፣ ጠመንጃ ፈትተን የገጠምን፣ ብሎን መፍቻ የያዝን ወንዶችና ሴቶች በዚህ ሰፈር ሞልተናል። እስካሁን «እናያለን» ነው የተባልኩት። እስኪያዩ ድረስ ማክሰኞ ማክሰኞ ማታ እናቴ ቤት ነው የምንሰበሰበው። ባለፈው ማክሰኞ አራት ላፕቶፕ ነበር፤ ሦስቱ ተነሱ፣ አንዱ ማዘርቦርዱ ተቃጥሎ ስለነበር ራሙን አውጥተን ለሌላው ሰጠነው። እናቴ ዳቦ ጋግራ ነበር። የምትመጡ ሰዎች ሰነዳችሁን ቤታችሁ ገልብጣችሁ ኑ፤ ቻርጀራችሁንም አትርሱ፣ ባለፈው ሁለት ሰዎች ረስተው መጥተው በአንድ ቻርጀር ስንሻማ ነው ያመሸነው።